የጓሮ ጎመን ዋጋ አይጠየቅም

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዳኛችን «ስለ ጓሮ አትክልት ትንሽ በል» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅኩ። እናንተ ፊት ቆሞ ስለ ጎመን ማውራት ለቄስ ዳዊት እንደማስቆጠር ነው። ግን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ስላለኝ እሺ አልኩ።

ያደግኩት መንዝ ነው። እናቴ ከቤቱ ጀርባ፣ የማድቤቱ እጣቢ በሚፈስበት በኩል፣ ትንሽ መደብ ነበራት። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥግ ላይ ጤና አዳም። የጎመኑን ዘር በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራ ጭስ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ጎመኑን ከነሥሩ ስትነቅል አይቼ አላውቅም። የታች የታቹን ቅጠል ትቀነጥባለች፣ ቀንበጡን ትተወዋለች። በሳምንቱ ሌላ ቅጠል አለ።

የዚያች መደብ ዋጋ የሚታወቀው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነበር። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ክረምቱን የምንሻገረው በጎመን ነው። «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ» የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔ አባባሉን ብዙም አልወደውም። ያን ሁሉ ጊዜ ያኖረንን ሰው ጠገብን ብሎ ማባረር አይመስልም?

ደግሞ ዋጋ የሚባል ነገር አልነበረም። ጎረቤት ልጇን ትልካለች፤ «እማዬ ትንሽ ጎመን ስጡኝ ብላለች»። ወይ ራሷ ትመጣለች። እየቀነጠቡ ያወራሉ። ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ የማን ቤት ዱቄት አለቀ፣ ሁሉም እዚያ መደብ ላይ ይሰማል። እናቴ የሰፈሩን ችግር ከእድሩ ቀድማ ታውቅ ነበር። ዳኛችን አይቀየሙኝ።

ዛሬ እዚህ ደብረ ብርሃን ብዙዎቻችን ጎመኑን በእስር ገዝተን እንገባለን። ከሻጩ ጋር የምናወራው ስለ ዋጋ ብቻ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው ቅጠሉ ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሕፃናት ባይጾሙም የሚበሉት ቤት የተሠራውን ነው። በየቀኑ ሽሮ ብቻ ከሆነ፣ ለዓይናቸውና ለደማቸው የሚሆነውን ከየት ያገኛሉ? ጎመንና ካሮት ጓሮ ካለ ግን ሳንቲም ሳይቆጠር ትሪው ላይ ይወጣል።

«ብርዱስ?» ትሉኛላችሁ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ውርጩን እኔም ቀምሼዋለሁ። አንድ ዓመት ቲማቲም ተከልኩ። አበበ፣ ፍሬ ያዘ፣ ሰፈሩን እየጠራሁ አሳየሁ። ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ብወጣ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሯል። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷን ወሬ ታነሳለች። ስለዚህ ቲማቲም ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ከሸዋ ሮቢት ይምጣልን። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ብርድ ይችላሉ። ለጋውን ችግኝ ማታ ገለባ ማልበስ፣ ጠዋት መግለጥ ነው።

የኛ ትልቁ ችግር ብርዱ አይመስለኝም። መሬቱን አናበላውም። እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። አልፈርድም፣ እንጨቱ የት አለ? ግን አመዱን እንኳ መንገድ ላይ እንደፋዋለን። አመድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የበግ በጠጥ፣ ሁሉም አንድ ጉድጓድ ገብቶ ቢብላላ ጥቁር አፈር ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። የእድሩ ድንኳንና ሳህን የሚቀመጥበት ግቢ፣ ጀርባው ባዶ ነው። እዚያ የጋራ ችግኝ መደብ እናውጣ። ጓሮ ያለው ችግኙን ወስዶ ጓሮው ይተክላል። ተከራይቶ የሚኖረው አሮጌ ጆንያ አፈር ሞልቶ በር ላይ ያቆማል፤ አምስት እግር ጎመን ለሁለት ሰው ወጥ አያንስም። ዘሩ ከኔ፤ ያው ከእናቴ ቋጠሮ የመጣው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል እንገናኝ። ዶማ ያለው ዶማ ይያዝ፣ የሌለው አመድ በጆንያ ይዞ ይምጣ። ቡናውን ባለቤቴ ታፈላለች። የቲማቲሙን ነገር ከኔ የጎደለውን እሷ ትጨርስላችኋለች።