ማነው የሚለጥፈው?

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ከኋላ የምትሰሙት ያው የጎረቤቴ ባጃጅ ነው። አዎ፣ አሁንም አልሸጣትም።

የአንዲት ልጅ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ጣና ዳር ተቀምጠናል፣ ያዘዝነው ቆሮሶ ዓሳ ገና አልደረሰም። ላፕቶፗን ከፈተች። ለተማሪዎች ስለሚሰጠው የቢልሃርዚያ መድኃኒት ጥናት እያሰባሰበች ነው። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ ፕራዚኳንቴል ብላ ጻፈች፣ በግራ በኩል «ራንደማይዝድ ኮንትሮልድ ትራያል» የምትለዋን ሳጥን ነካች፤ ሰዎችን በዕጣ መድበው የሚያወዳድሩ ሙከራዎችን ብቻ አሳየኝ ማለት ነው። ዝርዝሩ በአንዴ ሟሸሸ። «ጋሼ፣ ሌሎቹ የት ገቡ?»

የትም አልገቡም። ጽሑፎቹ ላይ ዓይነታቸውን የሚናገር መለያ ይለጠፋል፤ የሙከራ መለያ ያልተለጠፈበት ጽሑፍ ሳጥኗ ስትነካ ይደበቃል፣ በቃ። ራሱ ሙከራ የሆነ ጽሑፍ አለ፣ ስለ ሙከራ የሚያወራ ደግሞ አለ። የአሜሪካው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለየብቻ ነው የሚመድባቸው። ለሙከራ ይህን መለያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከዚያ በፊት የታተመውንስ? የኮክሬን፣ የዚያ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ሰዎች፣ የድሮ መጽሔት ገጽ በገጽ እየገለጡ ፈለጉት! እኔ የራሴን ደረሰኝ እንኳን ለይቼ አላስቀምጥም። ሲስተማቲክ ሪቪው፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ፈልጎ የሚያጠቃልለው ጽሑፍ፣ እኮ የራሱን መለያ ያገኘው በ2019 ነው። ይገርማል... ምን እያልኩ ነበር?

አዎ። «እና ማነው የሚለጥፈው?» አለችኝ።

ድሮ ሰው ነበር፣ ከ2022 ወዲህ በአብዛኛው ማሽን ነው አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «የእኛን አገር ጽሑፍም በደንብ ያነበዋል?» አለች።

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ማሽኑ በዋናነት የሚያየው ርዕሱንና አብስትራክቱን፣ መግቢያው ላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ ነው። ጸሐፊው ሰዎቹ በዕጣ መመደባቸውን እዚያ ካልጠቀሰ ሊያልፈው ይችላል። ሜድላይን፣ ማለትም ቤተ መጻሕፍቱ የመረጣቸው መጽሔቶች ማውጫ፣ ውስጥ ያልገባ መጽሔት ላይ የወጣማ የማሽኑ ወረፋ ውስጥም የለም።

ለፈጣን መልስ ከሆነ ሳጥኗ ትበቃለች፣ በዚህ አልከራከርም። ሪቪው ለሚሠራ ግን አትበቃም። የኮክሬን የፍለጋ ቀመር ራሱ መለያውን ብቻ አያምንም። «ራንደምሊ»፣ «ፕላሴቦ»፣ «ትራያል» የሚሉ ቃላትንም ጽሑፉ ውስጥ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ግን እሷ እኮ የሌሊት ተረኛ ናት። ያ ሁሉ ርዕስ መቼ ነው የሚነበበው? ለእኔ መናገሩ ቀላል ነው፣ ቁጭ ብዬ ዓሳ እየጠበቅኩ። ምናልባት መጀመሪያ ሳጥኗን ነክታ ብታይ፣ ከዚያ... አይ፣ እሱም አያስኬድም። እንደዛ ካደረገች እኮ ያላየችውን...