ኅዳር ሳይታጠን ስለ ጭስ እናውራ

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ።

የቅሬያችን፣ የእድራችን አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከመዋጮው በፊት ጥቂት ደቂቃ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቁኛላችሁ። አሁን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዛሬ ልናገር የተነሳሁት ኅዳር 12 ስለደረሰ ነው።

ኅዳር ሲታጠን ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። በ1911 ዓ.ም ኅዳር ላይ ያ የዓለም ሁሉ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡን ሲፈጀው፣ ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቀረ። ያኔ የሚነደው ገለባ፣ ቅጠል፣ አሮጌ ጨርቅ ነበር። አምና በራችን ላይ የተቆለለውን ግን ቆሜ አየሁት። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የተቀደደ ኮንጎ ጫማ፣ ዳይፐር፣ ከሥር ደግሞ እሳቱ ቶሎ እንዲይዝ የተጋደመ የመኪና ጎማ። ጭሱ ጥቁር ነበር። ወደ ላይ መውጣት አቃተውና ቤታችን ላይ ተኛ።

ለምን አልወጣም? ደሴ ጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ዙሪያዋን ተራራ ይዟታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መሬት አጠገብ ያለው አየር ይበርዳል፣ ከሱ በላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ደግሞ እንደ ድስት ክዳን ይከድነዋል። ፀሐይ ጠንከር እስክትል ድረስ የጠዋት ጭስ መውጫ የለውም። ለንደንም በ1945 ዓ.ም እንዲሁ ሆነች፣ ወሩም ኅዳር ነበር። አየሩ ተከደነ፣ የየቤቱና የየፋብሪካው የድንጋይ ከሰል ጭስ አምስት ቀን ሙሉ ከተማው ላይ ተቀመጠ፣ መጀመሪያ 4,000 ያህል ሰው ሞተ ተባለ፣ ኋላ ሲመረመር ደግሞ እስከ 12,000 ሊደርስ እንደሚችል ተገመተ። ያን ያህል ሰው የገደለው ጭስ ነው።

ጭስ የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ከሁሉም የከፋው ብናኙ ነው። ከመንገድ ሲኖትራክ የሚያስነሳው፣ ከግንባታ ቦታ የሚበንነው ወፈር ያለ አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ያስነጥሳል፣ ያስላል። ደቃቁ ግን ሌላ ነው። ፒኤም 2.5 ይሉታል፣ ከፀጉራችን ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ ያነሰ ነው። አፍንጫ አያስቀረውም፣ ሳምባ ጥግ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። ሳምባን ብቻ ሳይሆን ልብንም ይጎዳል፣ ስትሮክ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ ያወጣው ልክ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም አይብለጥ ይላል። የዓለም ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ድርጅቱ ካስቀመጠው ልክ በላይ የቆሸሸ አየር ይተነፍሳል።

ይህ ደቃቅ ብናኝ በብዛት የሚገኘው የት ነው? ሰው ስለ አየር ብክለት ሲያወራ ቶሎ የሚጠቁመው ኮምቦልቻን ነው፣ ፋብሪካውን። የፋብሪካው ጭስ መጠየቅ አለበት፣ እኔም እጠይቃለሁ። እኔ ግን ከማድ ቤታችን ልጀምር።

አያቴ ኩታበር ነበረች። ማድ ቤቷ መስኮት የለውም። እንጀራ ልትጋግር ስትቀመጥ ኩበቱንና የባሕር ዛፍ ቅጠሉን ጉልቻው ሥር ትማግዳለች፣ ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ጭሱ ነጭ ሆኖ ይግተለተላል፣ እሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። ጣራውን ቀና ብዬ ሳይ ጥቀርሻው እንደ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል። ክረምት ሲያፈስ ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል። ያ ጥቀርሻ እሷ ደረት ውስጥም እንደሚገባ ያኔ ማንም አልነገረኝም። ከአርባ ዓመት በላይ እዚያ ምጣድ ፊት ተቀምጣለች፣ ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፣ መጨረሻ ላይ ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆማ ታርፍ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፣ ከነሱ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃን በጀርባ አዝሎ መጋገር ለሕፃኑ የሳምባ ምች መንገድ መክፈት ነው። እናቶችን ልወቅስ አይደለም፣ ማን አማራጭ ሰጣቸው?

አሁን ደግሞ የማይታየውን ልንገራችሁ። አክስቴ የወለደች ጊዜ ነው፣ ታኅሣሥ፣ የደሴ ብርድ። አራሷን ብርድ እንዳይመታት በሩ ተዘጋ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተወተፈ፣ ምድጃው ከነፍሙ ገባ። ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ ስለዚህ ደህና ነው ተባለ። ሌሊት አክስቴ ራሴን አለች፣ ቀጥሎ አስመለሳት። ብርድ ነው አሉና ሌላ ፍም ጨመሩላት። ውሃ ልትወስድላት የገባች ጎረቤት በሩን ከፍታ ባታስወጣቸው ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር። ከፍሙ የሚወጣው ይህ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ኦክስጅን በሚሸከምበት ቦታ ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ይጣበቃል። እባካችሁ፣ የቀላ ከሰል ጭስ ስለሌለው አያምታታችሁ። ቡናም ሲፈላ በሩን ክፈቱት፣ ስትተኙ ምድጃው ውጭ ይደር።

ወደ መንገዱ እንውጣ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ የሚወጣ ከባድ መኪና ኋላ በባጃጅ የተጓዘ ያውቀዋል፣ ጥቁሩ ጭስ ፊት ላይ ይመጣል። ከዚያ ጥቁር ጭስ ጋር ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝም አለ። የሚገርመው ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ከናፍጣው አይመጣም፣ ሞተሩ በጣም ሲግል ከራሱ ከአየሩ ይሠራዋል። አስም ያለበትን ሰው ያሠቃያል። እሱና ከቤንዚን የሚተነው ጋዝ ፀሐይ ሲያገኛቸው ደግሞ ኦዞን የሚባል ሌላ ጋዝ ይፈጥራሉ። ሰማይ ላይ ያለው ኦዞን ይጠብቀናል፣ አፍንጫችን ሥር ሲሆን ግን ሳምባ ይቆጣል። ድኝ ያለበት ናፍጣና የድንጋይ ከሰል ሲነድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ነው። እሱን ተፈጥሮም ታወጣዋለች፣ ጎረቤታችን አፋር ላይ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱና ጋዙ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሄዷል። እርሳስም ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር፣ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። እሱ ግን ቀርቷል፣ አገራችን ቀድማ ተወችው፣ በ2021 እ.ኤ.አ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስታቆም ለመኪና የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ጠፋ። ሰው ሲወስን ይሆናል ማለት ነው።

እሳተ ገሞራውን ማቆም አንችልም። ፌስታልና ጎማ ማቃጠልን ግን በዚህ ሳምንት ማቆም እንችላለን። ፕላስቲክ ክፍት ቦታ ላይ ሲነድ፣ በተለይ ክሎሪን ያለበት ዓይነት፣ ዳይኦክሲን የሚባል ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ይወጣል፣ አመዱም ጓሮ ላይ ይቀራል፣ ጎመኑ እዚያው ይበቅላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛው ገንዘብ ነው። ከቅሬው ሣጥን በብድር ተወስዶ፣ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ በየተራ ለየቤቱ ይገዛ። ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ብድሩ ከማገዶው ዋጋ ይመለሳል። ባል ከሌላቸው እናቶች ቢጀመር ደስ ይለኛል። የቅሬው ዳኛ ዛሬ ለውይይት ያቅርቡት።

ሁለተኛው የኅዳር 12 ነው። ጽዳቱ አይቅር፣ እንደውም ይጠንክር። ቅጠሉና የምግብ ትርፍራፊው ጉድጓድ ገብቶ ለጓሮ ፍግ ይሁን። ፌስታል፣ ሃይላንድና ጎማ ለብቻ በማዳበሪያ ከረጢት ይታሰር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እኔና ተማሪዎቼ ጋሪ ይዘን በየበሩ እናልፋለን፣ ቆሻሻ መኪናው ድረስ የምናደርሰው እኛ ነን። ከረጢት የሌለው አሁን ይንገረኝ፣ ሃያ ያህል ይዤ መጥቻለሁ፣ በሩ ጋ ናቸው።