ሳይጠየቅ የተጻፈ «የለም»

ክቡራን መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ልጆቼ፦

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። ከሰኞ ጀምሮ ታማሚ ፊታችሁ ይቀመጣል፤ የምትጽፉትንም ሌላ ሐኪም አምኖ ይቀበለዋል። የሕመም ታሪክ ስትቀበሉ ከባድ በሽታን የሚጠቁሙ የአደጋ ምልክቶችን ስለ መለየት እንድናገር ተጋብዣለሁ። የምልክቶቹን ዝርዝር ግን ተፈትናችሁበታል፤ አልደግመውም። እኔ የመጣሁት የታማሚ ካርድ ላይ ስለሚሰፍረው «የለም» ልናገር ነው።

«ክብደት መቀነስ የለም። ለመዋጥ መቸገር የለም። ደም ማስታወክ የለም።» ይህ መስመር ከካርድ ወደ ካርድ እየተገለበጠ ሲዞር ሁላችንም አይተናል። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ ተጠይቆ የተጻፈው የትኛው ነው?

ከአርሲ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ገበሬ ናቸው። «ጨጓራ ነው የያዘኝ» እያሉ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ሲመላለሱ ከርመዋል፤ በየሄዱበት ኦሜፕራዞል፣ የጨጓራ አሲድ መቀነሻው መድኃኒት፣ ተሰጥቷቸዋል። የያዙት የሪፈራል ወረቀት በሚያምር ጽሑፍ «ለመዋጥ መቸገር የለም» ይላል። በኦሮምኛ የሚያነጋግራቸው ነርስ ጠርተን «ቀድሞ ይበሉት የነበረ፣ አሁን የተዉት ምግብ አለ?» ብለን ጠየቅን። ሰውዬው ጥቂት ዝም አሉና ቆጠሩልን። መጀመሪያ የተዉት ቆሎ ነው፤ ጥርሳቸው የደከመ መስሏቸው ነበር። ቀጥሎ ሥጋ ቀረ። ከዚያ ቂጣ። እንጀራውንም በውኃ እያራሱ መዋጥ ጀመሩ። አሁን የሚወርድላቸው አጥሚት ብቻ ነው። ከቤተሰቡ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ስላሳፈራቸው ለብቻቸው ይበላሉ። ቀበቶአቸውን አየሁት፤ በምስማር አዳዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለታል።

ኢንዶስኮፒው፣ በአፍ የሚገባው ካሜራ ያለው ቱቦ፣ ያሳየን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው፤ ቀዶ ጥገና የሚቻልበት ጊዜም አልፏል። አርሲና ባሌ ይህ በሽታ በብዛት የሚታይባቸው አካባቢዎች መሆናቸውን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። ታዲያ ከዚያ የመጣን ሰው «ምን መብላት ተዉ?» ብሎ ለመጠየቅ ምን መሣሪያ ያስፈልጋል? የትኛው የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ነው ያልተጠየቀው? ድህነታችንን ሁልጊዜ እናማርራለን፤ ልክም ነን። ለዚህ ጥያቄ ግን ድሃ አይደለንም!

በ1975 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከ80 አዳዲስ ተመላላሽ ታካሚዎች በ66ቱ ላይ፣ የላኪው ሐኪም ደብዳቤ ከተነበበና ታሪካቸው ከተሰማ በኋላ የተገመተው በሽታ የመጨረሻውም ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ዘንድ ግን ትኩሳት ያለበት ሰው ገና ሳይቀመጥ ለታይፎይድና ለታይፈስ የደም ምርመራ ይታዘዝለታል። አንድ ጊዜ የተሠራ የዊዳል ምርመራ፣ ይኸው የታይፎይድ የደም ምርመራ፣ ብቻውን ታይፎይድን እንደማያረጋግጥ ተምራችኋል። ቢሆንም ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ካለ ጥያቄው ሁሉ ያበቃል። ማታ ልብስ እስኪቀይር ያልበው እንደሆነ፣ ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ የሚጠይቅ ይጠፋል። ሰውየው የታይፎይድ መድኃኒቱን ይዞ፣ ሳንባው ውስጥ ያለውን ቲቢም ይዞ ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል ይመለሳል። ይህን እንደ ተራ የሥራ ጫና ልቀበለው አልችልም፤ እናንተም እንዳትቀበሉት።

ያልጠየቃችሁትን ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ ያየ ተረኛ ተመልሶ ይጠይቃል፤ «የለም» የሚል ያነበበ ግን ያልፈዋል።

ሲጠየቅም አጠያየቅ አለ። «ክብደት ቀንሰዋል?» ብትሏቸው ብዙዎቹ ሚዛን ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ልብሳቸው ሰፍቷቸው እንደሆነ ጠይቁ። እናትን ልጇ እያስተረጎመላት ከማኅፀኗ ደም ይፈስሳት እንደሆነ ብትጠይቋት አትነግራችሁም። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ያለፋት ሴት የምታየው ደም ደግሞ ዝም የሚባል አይደለም። ልጇን በትሕትና ወደ ውጭ ሸኙት፤ ሴት ነርስ አስጠሩ። ወገቡን የሚያመው ሰው ሽንቱ እንዳስቸገረው ወይም መቀመጫው እንደደነዘዘ በራሱ አያወራም፤ ያፍራል። እናንተ ናችሁ ማንሳት ያለባችሁ፣ ያውም በመጡበት ሰዓት፤ እግር ሽባ ከሆነ በኋላ ቢጠየቅ ምን ይረባል?

«ጨጓራዬን» የምትል ነፍሰ ጡርም አለች። ሃያ ሳምንት ካለፋት ራስ ምታት እንዳላት፣ ዐይኗን እንደጋረዳት ጠይቁ፤ የደም ግፊቷንም በዚያው ለኩ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሊሆን ይችላልና ጨጓራ ብላችሁ አትሸኟት። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሽማግሌም ጨጓራ ብለው በላብ ተጠምቀው ቢመጡ ልባቸውን አስቡ።

መምህራን፣ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። በጠዋት ሪፖርት ላይ «ላቦራቶሪው ምን አለ?» ከማለታችን በፊት «ምን ብለህ ጠየቅህ? እሳቸውስ በራሳቸው አነጋገር ምን አሉ?» እንበል። ተማሪው መልስ ካጣ ወደ አልጋው ተመልሶ ይጠይቅ፤ ሪፖርቱ ይጠብቀዋል። ለአንድ ኢንተርን፣ ለተለማማጅ ሐኪም፣ በአንድ ሌሊት የምንጭነውን የታማሚ ብዛትም ከአስተዳደሩ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገርበት፤ እኔ ለዚህ ስብሰባ ዝግጁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።