መጀመሪያ ማስኩን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት ኤላት፣ እስራኤል ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር፣ ቤቴ ነው። ማስኬን፣ ባሕር ውስጥ ስጠልቅ ዓይኔንና አፍንጫዬን የምትሸፍንልኝን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫታለሁ። ስለ እሷ ነው የማወራው።

አንዲት አድማጭ ከዱባይ ጻፈችልኝ። ፉጃይራ ሄዳ የስኩባ ዳይቪንግ ኮርሷን ጨርሳለች፣ አየር የተሞላ ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ማለቴ ነው። እንኳን ደስ አለሽ! ጥያቄዋ አጭር ነው፦ «ሱቁ ሙሉውን ዕቃ ባንዴ ከገዛሽ እንቀንስልሻለን አለኝ። ልግዛ?»

እህቴ፣ ትንሽ ቆዪ። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ኮርሴን በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ደስታው ገና አልበረደልኝም ነበር። ሻጩ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። ማስክ፣ የእግር መቅዘፊያ፣ ዌትሱት የሚሉት ከብርድ የሚከላከል የመጥለቂያ ልብስ፣ አየር እየሞላን የምንንሳፈፍበት ጃኬት፣ አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያመጣው ሬጉሌተር። ሁሉም ያብረቀርቃል። ከደሞዜ በየወሩ እንዲቆረጥ ፈርሜ ወጣሁ። ማስኩን ፊቴ ላይ አስጠግቼ እንኳን አላየሁትም። ጃኬቱን የለካሁት በቲሸርት ላይ ነው።

በሳምንቱ ከጓደኛዬ ጋር ገባን። 12 ሜትር ላይ ነን። ኮራሉ ላይ፣ ድንጋይ በሚመስለው የባሕር ፍጡር ላይ፣ ብርቱካናማ ትንንሽ ዓሦች እንደ እሳት ፍንጣሪ ይበራሉ። እኔ ግን አላያቸውም። ከቀኝ ቅንድቤ ሥር ቀጭን ውሃ ይገባል። አፍንጫዬ ድረስ ይሞላል። እንደተማርኩት ቀና ብዬ፣ የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ ተጭኜ በአፍንጫዬ ወደ ውጭ እተነፍሳለሁ። ውሃው ይወጣል። ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ይገባል። የቀይ ባሕር ጨው ደግሞ ከብዙ ባሕር ይበልጣል፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። ጃኬቱም ሰፊ ስለሆነ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ሲሊንደሩ ጀርባዬ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

የአየር መለኪያዬን ሳይ ደነገጥኩ። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ከ200 ባር ተነስቼ በ20 ደቂቃ 70 ላይ ደርሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2400 ሊትር ያህል አየር አለው። ብዙ ሰው ኦክስጅን ይመስለዋል። አይደለም፣ ይኸው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ተጠቅጥቆ። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ። በአንድ ትንፋሽ የምንስበው አየርም እንደዚያው ይበዛል። ሰው ሲረበሽ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የእኔን አየር የጨረሰው የማስኩ ቀዳዳ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ጓደኛዬ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፣ ቀስ ብለን ወጣን። ምንም አልሆንኩም። ግን ያን ቀን ባሕሩን አላየሁትም። እሱ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። «ሳትለኪ ገዛሽ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ልጅ ሆኜ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ለበዓል ቀሚስ ልታሰፋልኝ ትወስደኝ ነበር። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ሲዘረጋ እሷ አጠገቡ ቆማ ትቆጣጠረዋለች። «እዚህ ጋ ትንሽ ልቀቅላት፣ እዚያ ጋ ያዝላት» ትላለች። ሰውዬው በግምት ቢቆርጥ ጨርቁን ትቀማው ነበር። እኔ የእሷ ልጅ ሆኜ፣ ከውሃ በታች የምተነፍስበትን ዕቃ በዓይኔ ገዛሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ መጀመሪያ ማስክ ግዢ። ማስክ ብቻ።

አለካኩ ቀላል ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጪው። ማስኩን ፊትሽ ላይ አስጠጊና በአፍንጫሽ በትንሹ ሳቢ። እጅሽን ልቀቂ። ሳይወድቅ ከቆየ፣ አንድ። ቀጥሎ የሬጉሌተሩን አፍ መያዣ ነክሰሽ እንደገና ሞክሪ፣ ምክንያቱም አፍ ሲከፈት ጉንጭ ይለወጣል። ፈገግ በይበት። የአፍንጫሽን አጥንት እንዳይነካ እዪ። ሱቅ ውስጥ ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ውሃ ውስጥ 40 ደቂቃ ሲቆይ ሌላ ነገር ነው። እኔ ሁለተኛዋን ማስኬን ሳገኝ አሥራ አንደኛ ሙከራዬ ነበረች። ከሁሉም ውዷ አልነበረችም።

አሁን ደግሞ ለእኛ ለሴቶቹ አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮርስ ላይ ማንም አልነገረኝምና። ፀጉራችን። የማስኩ ሲሊኮን ቆዳ ላይ ነው የሚጣበቀው። ከሥሩ አንዲት ፀጉር ካለች፣ ውሃ በእሷ መንገድ ይገባል። ግንባራችን ዳር ላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ በጣም ያስቸግራሉ። ስለዚህ ከመግባቴ በፊት በጣቴ እየዳበስኩ ወደ ኋላ እሰበስባቸዋለሁ። ሹሩባ ከተሠራሽ ጉንጉኑ ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዳይወፍር ለሠሪዋ ንገሪያት። የጎማውን ማሰሪያ የሚሸፍን ጨርቅ ይሸጣል፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ስታወልቂ ፀጉርሽን አይነቅልም።

አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ ስስ ቅባት አለው። በጥርስ ሳሙና ከውስጥ በኩል ደጋግመሽ እሺው። ካልሆነ ጉም ይሞላዋል። መነጽር የምታደርጊ ከሆነ ደግሞ በቁጥርሽ የሚገጠም መስታወት አለ፣ ጠይቂ።

ከማስክ ቀጥሎ እኔ የምለው የመጥለቂያ ኮምፒዩተር ነው። እጅ ላይ እንደ ሰዓት ይታሰራል። የወረድሽበትን ጥልቀትና የቆየሽበትን ጊዜ እየመዘገበ፣ ሰውነትሽ ከምትተነፍሺው አየር ምን ያህል ናይትሮጅን እንደያዘ ያሰላል። በፍጥነት ወደ ላይ ከወጣሽ ናይትሮጅኑ ሊጎዳሽ ስለሚችል ያስጠነቅቅሻል። ይሄ በመካከል የሚዋዋሱት ዕቃ አይደለም። ጓደኛሽ ካንቺ በሦስት ሜትር ዝቅ ብላ ከዋለች የእሷ ስሌት ላንቺ አይሆንም። ቀለል ያለው ይበቃሻል። ቁጥሩ ጎላ ብሎ በደንብ የሚነበብ ይሁን እንጂ፣ ቀለም ያለው ስክሪን ግዴታ አይደለም።

መቅዘፊያው እንደ ቦታው ነው። እዚህ ኤላት የምንገባው ከባሕሩ ዳር በእግራችን ነው። ድንጋይ አለ፣ እሾኻም የባሕር ጃርት አለ። ስለዚህ ሶል ያለው ጫማ አድርገን፣ ተረከዙ ክፍት የሆነውን መቅዘፊያ በላዩ እንስባለን። ከጀልባ ላይ ብቻ የሚዘል ሰው ባዶ እግር የሚለበሰውን ሊመርጥ ይችላል።

ዌትሱትም ያው ነው። እዚህ በየካቲት ውሃው ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለብሼም ይበርደኛል። ፉጃይራ በነሐሴ 30 ይደርሳል፣ አንቺ ስሱ ይበቃሻል። ብቻ ሰፊ አትግዢ። ብብትና ወገብ ላይ ክፍተት ካለ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ የሞቀውን ያወጣዋል።

ጃኬትና ሬጉሌተር ግን ተከራዪ። ለአሁኑ ማለቴ ነው። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ እስክትጠልቂ ድረስ ምን እንደምትወጂ አታውቂውም። ጎንሽን የሚያቅፍሽ ጃኬት ይሻልሻል ወይስ አየሩ ጀርባ ላይ ብቻ የሚሞላው? እኔ ሁለተኛውን ነበር የምፈልገው። ይሄን ያወቅኩት የመጀመሪያውን ከገዛሁ በኋላ ነው፣ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ሬጉሌተር ደግሞ የግዢው ዋጋ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ወይ በየሁለት ዓመቱ፣ እንደ አምራቹ መመሪያ፣ ባለሙያ ፈትቶ ያድሰዋል። የምትገዢ ቀን በሲሊንደሩ ጉሮሮ ውስጥ የሚጠመዘዘውን፣ ዲን የሚሉትን ዓይነት እይ። ሬጉሌተሩ ከላይ የሚታሰርበት ሲሊንደር ሲያጋጥምሽ በማገናኛ ይገጠማል። ሲሊንደር ራሱን አትግዢ። ከባድ ነው፣ በየጊዜው መመርመር አለበት፣ በየሄድሽበት ተሞልቶ ይከራያል።

እንዲህ የምልሽ ገንዘብ ስለሚያሳሳኝ አይደለም። ከኮርሱ በኋላ ባሕሩን የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። «ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም» ይላሉ። ስጠይቃቸው ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ስለ ብርድ፣ ውሃ ስለሚያስገባ ማስክ፣ ስለሚያንቅ ጃኬት ነው። ባሕሩ ምን አደረጋቸው?

እናቴ ባለፈው ነሐሴ ከቤርሳቤህ ልትጠይቀኝ መጣች። ውሃ አትወድም። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ያን ቀን ግን ጉልበቷ ድረስ ገብታ ቆመች፣ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ። ማስኬን አወጣሁ። ሻሿን ከግንባሯ ገፋ አደረግኩላትና ፊቷ ላይ አስጠጋሁላት።

«በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እማዬ።»

ሳበች። እጄን ለቀቅኩ። ማስኩ አልወደቀም። ግንባሬም አፍንጫዬም የእሷ ነው፣ ሁሉም ሰው ይለናል። ማሰሪያውን ወደ ኋላ መለስኩላት። አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ፊቷን ውሃው ውስጥ ነከረች። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀና ስትል ውሃው ከአገጯ ይንጠባጠባል።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ያ ሰማያዊው ድንጋዩን ይበላል እንዴ?»

ፓሮትፊሽ የሚሉት ዓሣ ነበር። አዎ፣ ኮራሉን ይግጣል አልኳት። መልሴን ሰምታ ሳትጨርስ ተመልሳ ጎንበስ አለች።