ወረቀቱ «ኖርማል» ሲል፦ ስለ ፌሪቲን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። እንግዳ የለኝም። ስለ አንድ የላብራቶሪ ወረቀት ላወራችሁ ነው።

ወረቀቱ የታናሽ እህቴ ነው፤ እሷው ፈቅዳልኝ ነው የማነበው። ሄሞግሎቢን 12.4። ፌሪቲን 13። ከፌሪቲኑ ጎን «ከ10 እስከ 120» ተብሎ ታትሟል። ከልክ ወጥቷል የሚል ኮከብም ቀስትም የለበትም። «ደም ማነስ የለብሽም፣ ሁሉም ኖርማል ነው» ተብላ ወደ ቤት ተመለሰች። ልጅቷ ግን ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል። ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣል። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጥቅልል ትላለች። «ሰንፈሻል» ያላት ሰው አለ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነው፤ የሚሠራውም በብረት ነው። ፌሪቲን ደግሞ ብረትን ይዞ የሚያስቀምጥ ፕሮቲን ነው። ሌማቱ ላይ እንጀራ ስላለ ጎተራው ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ሰውነታችን መጀመሪያ ጎተራውን ይጠርጋል፣ ሌማቱ የሚጎድለው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ፌሪቲን ሊያልቅ ይችላል። ድካሙም ያኔ ሊጀምር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ እንደሚለው፣ ሌላ ሕመም የሌለበት አዋቂ ሰው ፌሪቲኑ ከ15 በታች ከሆነ ብረት አጥሮታል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መለኪያው 12 ነው። ብዙ ሐኪሞች ደግሞ ከ30 በታች ሲያዩ ይጠረጥራሉ። «ናኖግራም በሚሊ ሊትር» ቢባልም «ማይክሮግራም በሊትር» ቢባልም ቁጥሩ አንድ ነው፣ አትደናገጡ። እንግዲህ 13 ከ15 በታች ነው። ወረቀቱ ዝም ያለው ላብራቶሪው የያዘው ክልል ከ10 ስለሚጀምር ብቻ ነው።

በተቃራኒው የሚያሳስት ነገርም አለ። ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሲኖር ፌሪቲን ከፍ ይላል። ወባ ደግሞ ለእኛ ከተማ እንግዳ አይደለም። ትኩሳት ላይ ሆናችሁ ተመርምራችሁ 50 ቢወጣ፣ ብረት ሞልቷል ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ያው መመሪያ ለታመመ አዋቂ መለኪያውን ወደ 70 ከፍ ያደርገዋል። ብግነት መኖሩን የሚያሳየው ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ አብሮ ቢሠራ ነገሩ ይጠራል።

«ጤፍ እየበላሁ ብረት እንዴት ያጥረኛል?» የምትሉ አላችሁ። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው። የጤፉ የራሱ ብረትም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ነገር ይዞ አያስመጥጠውም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል።

ቡናውስ? በቡና አገር ተቀምጬ ቡና ተዉ አልላችሁም፣ እኔም አልተውም። ግን እጃችንን ከመታጠባችን አቦሉ ይቀዳል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ፣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። አንድ ሁለት ሰዓት ቆየት ብሎ ጀበናውን መጣድ ነው። በጾም ወቅት ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ፣ ቃሪያ ጣል ማድረግ በጣም ይረዳል። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል።

እህቴ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ አይረን ኪኒን ታዞላታል። አንድ ቀን ዘላ ነው የምትወስደው። በየቀኑ ከመዋጥ በአንድ ቀን ልዩነት መውሰድ ከእያንዳንዱ ኪኒን የሚመጠጠውን ብረት እንደሚያሻሽል በሴቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ለእናንተ የሚሆነውን ሐኪማችሁ ይወስን። ሰገራ ቢጠቁር አትፍሩ፣ ከኪኒኑ ነው። ጎተራው እስኪሞላ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ በርታ ስትሉ አታቋርጡት። ኪኒኑን ደግሞ እባካችሁ ከሕፃናት አርቁ። ለትንሽ ልጅ ብዙ አይረን መርዝ ነው።

አባቶችና የወር አበባችሁ የቆመ እናቶች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ፌሪቲናችሁ ዝቅ ካለ ኪኒን ገዝቶ ዝም አይባልም። ደም በስውር እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ከጨጓራ ቁስል፣ ከአንጀት፣ ወይም በመንጠቆ ትል ምክንያት። «ብረቱ የት ሄደ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ መልስ ሳታገኙ አትውጡ።