ለጣና የዓሣ ጀልባ ስንት ፈረስ ሞተር ይበቃል?

[ምስል፦ ማለዳ፣ ባሕር ዳር። ሁለት ዓሣ አጥማጆች መረብ ወደ ጀልባ ይጭናሉ። ካሜራው ሞተሩ ክዳን ላይ ወዳለው ቁጥር ይጠጋል።]

ክዳኑ ላይ 15 ይላል። 15 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ጣና ላይ ግን ይህ ሞተር 15 አይሰጣችሁም። ቢበዛ 12 ቢሰጣችሁ ነው።

ሞተሩ ምንም አልሆነም። ሻጩም አላታለላችሁም። የጎደለው አየር ነው። ያ ቁጥር የተለካው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ነው። ጣና ደግሞ የተኛው 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ በደንብ ማቃጠል የሚችለው ቤንዚንም ያንሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ጉልበት ይሄዳል። ጣና ላይ ሲደመር ወደ 18 በመቶ ይደርሳል።

[ምስል፦ የኢትዮጵያ ካርታ። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ በየተራ ይበራሉ።]

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚጠፋው ጉልበትም ከዚህ ብዙ አይለይም። ጫሞና አባያ ዝቅ ስለሚሉ የሚያጡት ከ11 እስከ 12 በመቶ ነው። ባሮ ላይ፣ ጋምቤላ ከተማ አጠገብ፣ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋምቤላ ያለ ወንድማችሁ «15 ፈረስ ይበቃል» ካላችሁ እውነቱን ነው። እሱ ያለበት ቦታ ይበቃዋል።

አሁን ጭነቱን እንደምር። ብዙ ሰው ሞተር የሚመርጠው የጀልባውን ርዝመት አይቶ ነው። ክብደቱን ግን ማንም አይጠይቅም።

[ምስል፦ እያንዳንዱ ዕቃ ጀልባው ውስጥ ሲገባ ኪሎው ይጻፋል።]

6 ሜትር የሆነ የፋይበር ጀልባ እንውሰድ። ባዶው 300 ኪሎ ይሁን። ሞተሩ 40። ቤንዚን ከነጄሪካኑ 20። ሁለት ሰው 130። መረብ፣ በረዶና ዓሣ 150። ድምሩ 640 ኪሎ።

ይህ ጀልባ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል። አንደኛው ውሃውን እየገፋ ነው። ለዚህ ለአንድ ቶን ከ3 እስከ 5 ፈረስ ይበቃል። የእኛ 640 ኪሎ ስለሆነ 3 ፈረስ እንኳ ይገፋዋል። ከፍታውንና ንፋሱን አስባችሁ 8 ፈረስ ብትገዙ በደንብ ይሠራል። ፍጥነቱ ግን ገደብ አለው። 6 ሜትር ጀልባ ውሃ እየገፋ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ራሱ ያስነሳው ማዕበል ይይዘዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከማዕበሉ ወጥቶ ውሃው ላይ መንሸራተት ነው። ለዚህ በግምት ለየ25 ኪሎው አንድ ፈረስ ያስፈልጋል። 640 ለ25 ሲካፈል 26 ፈረስ ገደማ ይመጣል። የጣና ከፍታ ሲታሰብ 31 ይሆናል። እንግዲህ ገበያ ላይ የምትፈልጉት 40 ፈረስ ነው ማለት ነው።

[ምስል፦ አፍንጫው ወደ ሰማይ የተነሳ፣ ኋላው የሰመጠ ጀልባ።]

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ብዙ ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ነውና። 15 ፈረስ አስራችሁ፣ ጭናችሁ፣ ሙሉ ነዳጅ ብትሰጡት ጀልባው አፍንጫውን ያነሳል፣ ኋላው ይሰምጣል። መንሸራተት አልቻለም። በቀላሉ መግፋቱንም ትቷል። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ከሆነ በሰዓት ወደ 6 ሊትር ይጠጣል፤ ፍጥነቱ ግን ያን ያህል አልጨመረም።

15 ፈረስ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ሲነሳ፣ ከፊት ማዕበል ሲመጣ፣ ትርፍ ጉልበት ሕይወት ያድናል። ራቅ ብሎ መረብ ለሚጥል ሰው እኔም 15 እመክራለሁ። በሰላሙ ሰዓት ግን ነዳጁን ቀነስ አድርጉ። ውሃ እየገፋ የሚሄድ ጀልባ ፍጥነቱን በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ በሰዓት የሚበላው ነዳጅ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

40 የሚፈልግ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የጀልባውን የኋላ ሳንቃ ይይ። 40 ፈረስ ሞተር 70 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲገፋም ሲንቀጠቀጥም ሁሉም ያ ሳንቃ ላይ ነው። የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ውሃ መሃል ላይ ተገንጥሎ ይሄዳል። ጀልባው ላይ ከፍተኛውን ጉልበት የሚገልጽ ሰሌዳ ካለ ከዚያ አትለፉ። ከሳንቃው ወደ ውሃ የሚወርደውን የሞተሩን እግርም ለኩ። አጭሩ ለ38፣ ረጅሙ ለ51 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ የተሠራ ነው።

[ምስል፦ እምቦጭ የተጠመጠመበት ፕሮፔለር።]

እምቦጭ ለ8ም ለ40ም አይመለስም። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ይደፍናል። ሞተሩ በጎኑ የሚተፋው ውሃ ከቀጠነ ወዲያው አጥፉ፣ አንሱት፣ በእጅ አጽዱት።

የመጨረሻው ነገር ፕሮፔለሩ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ነው። ጀልባውን እንደ ሥራ ቀን ጫኑት፣ ሙሉ ነዳጅ ስጡት፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር በመለኪያ እዩ። መመሪያው ላይ ካለው ዙር በታች ከቀረ ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ያስፈልጋችኋል። ከፒቹ አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ በ200 ገደማ ይጨምራል። ሻጩ ይህን እንዲቀይርላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ።