ኦብጀክት ዳታቤዝ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት

[ስክሪን፦ ሁለት ኦብጀክቶች። ሁለቱም «አበበ ከበደ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ 2ኛ ዓመት» ይላሉ]

ተራኪ፦ ስማቸው አንድ፣ ዲፓርትመንታቸው አንድ፣ ዓመታቸውም አንድ። ግን ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ዳታቤዙ በምን ይለያቸዋል?

በለመድነው የቴብል ዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃውን በረድፍና በኮለም በሚያስቀምጠው፣ መለያውን የምንመርጠው እኛ ነን። የመታወቂያ ቁጥሩን ፕራይመሪ ኪ (የማይደገም የረድፍ መለያ) እናደርገዋለን፣ አለቀ። ኦብጀክት ዳታቤዝ ግን ፕሮግራሙ የሚሠራባቸውን ኦብጀክቶች፣ ለምሳሌ የአንድን ተማሪ መረጃ በሙሉ፣ እንዳሉ ነው የሚያስቀምጠው። እዚህ ኦብጀክቱ ገና ሲፈጠር ሲስተሙ ራሱ መለያ ይሰጠዋል። ኦአይዲ (የኦብጀክት መለያ) ይባላል። አበበ ስሙን ቢያስቀይር፣ ዩኒቨርሲቲው የመታወቂያውን አጻጻፍ ቢለውጥ፣ ኦአይዲው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ «ይመሳሰላሉ ወይ?» እና «አንድ ናቸው ወይ?» ለየብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ ጀማሪ ኢንሄሪታንስ ላይ፣ ማለትም አንዱ ዓይነት ከሌላው በሚወርስበት ነገር ላይ፣ ሲጨነቅ አያለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ ይቺን ኦአይዲ ያዙ እላለሁ።

[ስክሪን፦ ከተማሪው ወደ ኮርሶቹ የሚሄዱ ቀስቶች]

ምክንያቱም ግንኙነቱም በሷ ነው የሚሠራው። አበበ የሚወስዳቸውን ኮርሶች ለማውጣት በቴብል ቢሆን የተማሪን፣ የምዝገባንና የኮርስን ቴብሎች ጆይን እናደርጋለን (በጋራ መለያቸው እናገጣጥማለን)። እዚህ ግን የኮርሶቹን ኦአይዲ ተማሪው ራሱ ይዞታል። ቀስቱን ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው።

ሴቭ ማድረጉስ? እንደ ጌምስቶን ባሉት ኦብጀክት ዳታቤዞች መነሻ የሚሆን ኦብጀክት አለ። ከሱ ተነስቶ የሚደረስበት ሁሉ ይቀመጣል። ተማሪው ከተቀመጠ ኮርሶቹም አብረውት ይቀመጣሉ።

«እንዲህ ከሆነ ታዲያ ለምን ሁላችንም የቴብል ዳታቤዝ መጠየቂያውን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ እንማራለን?»

ኦብጀክት ዳታቤዝ ትልቅ ዳታ ስለማይችል እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ የሚገኘው ስላክ የፊዚክስ ላብራቶሪ ባባር ለተባለው ሙከራው በመቶዎች የሚቆጠር ቴራባይት ኦብጀክቲቪቲ በተባለ ኦብጀክት ዳታቤዝ አስቀምጦ ነበር። ስታንዳርድም አልጠፋም፤ ኦዲኤምጂ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1993 አውጥቷል። በ2001 ቡድኑ ተበተነ እንጂ።

በኔ እይታ ትልቁ ችግር ያልታሰበ ጥያቄ ነው። ቀስቶቹ የሚሳሉት ፕሮግራመሩ አስቀድሞ ላሰበው መንገድ ነው። ሬጅስትራሩ ድንገት መጥቶ «ሁለት ኮርስ የጣሉት ተማሪዎች በብዛት ከየት ክልል ናቸው?» ቢል ቀስት የለም። ቴብል ግን ለየትኛውም ጥያቄ አያዳላም። በዚያ ላይ ዳታው ከአንድ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጋር ይጣበቃል። በኋላ እንደ ሃይበርኔት ያሉ መሣሪያዎች መጡና ኦብጀክቱን ጃቫ ውስጥ ትተው፣ ከሥር ወደ ቴብል መገልበጡን ራሳቸው ያዙት። አብዛኛው ሰው በዚህ ረካ።

[ስክሪን፦ የፖስትግሬስኪውኤል መስኮት]

የኢንሄሪታንስን ሐሳብ በእጃችሁ መሞከር ካማራችሁ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የቴብል ዳታቤዝ ይበቃል። «ሰው» የሚል ቴብል ፍጠሩ፣ ከዚያ «ተማሪ» የሚለው ከሱ እንዲወርስ አድርጉ። «ሰው»ን ስትጠይቁት ተማሪዎቹም አብረው ይወጣሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ኮለሞቹ ይወረሳሉ፣ ፕራይመሪ ኪው አይወረስም። «ተማሪ» ላይ ራሳችሁ ካልጨመራችሁ ያው መታወቂያ ቁጥር ሁለቴ ይገባላችኋል፣ ዳታቤዙም ዝም ብሎ ይቀበላል።